መብራቱ ካልጠፋ ስክሪኑ አይታይም

ቤይሩት፣ ሐምራ ሰፈር በሠራሁበት ቤት ያሳደግኳት ልጅ መስማት የተሳናት ናት። ጭራሽ አትሰማም ማለት አይደለም፤ በሁለቱም ጆሮዎቿ መስሚያ ታደርጋለች። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከተዘጋ፣ ፊት ለፊቷ ሆነን ቀስ ብለን ካወራናት ብዙውን ነገር ትይዛለች። አዳራሽ ውስጥ ግን መስሚያው የሚናገረውን ሰው፣ የሚጎተተውን ወንበርና የሚያስለውን ሁሉ እኩል ያጎላባትና ነገሩ በሙሉ ጩኸት ብቻ ይሆንባታል።

እዚያ ቤት ስገባ አራት ዓመቷ ነበር። እኔም ያኔ የማውቀው ዓረብኛ ከአምስት ቃል ስለማይበልጥ ሁለታችንም እኩል ነበርን። በእጅ፣ በፊት፣ በጥቆማ መግባባት ጀመርን። ስሜን በአፏ መጥራት ሲያቅታት ራሷ ምልክት አወጣችልኝ፤ ቅንድቧን በጣቷ ሰንጠቅ ታደርጋለች። የእኔ ቅንድብ ላይ ጠባሳ አለ። ትምህርት ስትጀምር የቤት ሥራዋን አብሬያት እየተቀመጥኩ የዓረብኛ ፊደል የቆጠርኩት ከእሷ ጋር ነው። እስካሁን ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ግን አነባለሁ።

ማዳሜ፣ የልጅቷ እናት፣ መድኃኒት ቤት አላት፤ ባሏ ኩዌት ነው የሚሠራው። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ጊዜ የሌላት ሰው ናት። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ የምትልከው እኔን ነበር። "ያኒ፣ ማለቴ፣ አንቺ ሂጂና ምን እንዳሉ ትነግሪኛለሽ" ትለኛለች።

ትምህርት ቤቱ ፉርን ኤል ሸባክ ከሚባለው ሰፈር ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። የሚሰሙ ልጆች የሚማሩበት ትልቅ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ምድር ቤቱ ላይ ልዩ ክፍል የሚሉት አለ። የእኛዋ ልጅና እንደሷ ያሉ ጥቂት ልጆች እዚያ ይማራሉ። አስተማሪያቸው የምልክት ቋንቋ የምትችል ወጣት ሴት ናት። በዓመት አራት ጊዜ ያህል፣ በእናቶች ቀን፣ በነጻነት ቀን፣ በገና እና በዓመቱ መዝጊያ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አዳራሽ ይሰበሰባል። በእነዚህ ቀኖች የልዩ ክፍል ልጆች የሚቀመጡት መጨረሻው ረድፍ ላይ ጥግ ይዘው ነው። እንዳይረብሹ ነው ይላሉ። ከዚያ ሆነው የሚያዩት የሰው ማጅራት ነው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ፣ መጋቢት ላይ፣ የእናቶች ቀን ዝግጅት ላይ ከሌሎቹ የቤት ሠራተኞች ጋር ጃኬትና ቦርሳ አቅፌ ከኋላ ቆሜ አየኋት። ሰው ሲቆም ትቆማለች፤ ሰው ሲያጨበጭብ ታጨበጭባለች። ሙዲራዋ፣ ማለትም ርዕሰ መምህርቷ፣ አንድ ነገር ተናግራ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ልጅቷ ግራና ቀኝ አይታ፣ ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ሳቀች። ቤት እንደገባን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሰዎቹ ለምን እንደሳቁ ነው። እኔ ደግሞ የሙዲራዋ ዓረብኛ የመጽሐፍ ዓረብኛ ስለሆነ ግማሹም አልገባኝም። አላውቅም ማለት ሲገባኝ፣ አሳዘነችኝና ፈጠርኩ። ፍየል ትምህርት ቤት ገብታ የፈተና ወረቀት በላች አለች አልኳት። መሬት ላይ እስክትንከባለል ሳቀች።

በማግስቱ ለጓደኞቿ ነግራ፣ አስተማሪዋ ደግሞ ስለ ፍየል የተባለ ነገር እንደሌለ ነግራት፣ ፊቷ ቀልቶ ተመለሰች። ውሸታም የሚለውን ምልክት አሳየችኝ፤ ከዚያ መስሚያዎቿን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። እሷ እንዲህ ካደረገች ወሬ አብቅቷል፤ የምትነግሪበት ቀዳዳ የለም። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እኔ በእሷ አልተናደድኩም። የተናደድኩት በአራት መቶ ሰው መካከል ተቀምጣ የሆነውን ለማወቅ ወጥ ቤት ድረስ መጥታ እኔን መጠየቅ ስላለባት ነው።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ ትምህርት ቤቱ ዕርዳታ አገኘ ተባለ። ከመድረኩ ጀርባ ግድግዳውን የሚሸፍን ስክሪን፣ ፕሮጀክተር፣ አዲስ የድምፅ ማጉያ ሊገባ ነው። ደግሞ አንገት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ማይክ አለች፤ ተናጋሪው ካደረጋት ድምፁ በአየር ሄዶ በቀጥታ ልጆቹ መስሚያ ውስጥ ይገባል። ወንበር ቢጎተት ሰው ቢያስል እነሱ የሚሰሙት ተናጋሪውን ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ የላከውን ወረቀት ማዳሜ ስታነብልኝ ደስ ብሎኝ ልጅቷን አቅፌ አሽከረከርኳት። ከዚያ ጥቅምት ላይ ሰልፍ ተነሣ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የነጻነት ቀን ዝግጅት ቀረና ሁሉም ነገር ለገና ተላለፈ።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ስለ አዲሱ ዕቃ ለማስረዳት ወላጆችን ጠሩ። የማዳሜ መድኃኒት ቤት ያን ሰሞን መድኃኒት ያልቃል ብሎ በሚገዛ ሰው ተጨናንቆ ነበር፤ እንደለመደችው እኔን ላከችኝ። ስክሪኑን የሸጠው ድርጅት የላከው ባለሙያ ላፕቶፑን ከፍቶ ምን ምን ማድረግ እንደሚችል አሳየን። ኮከብ ይወርዳል፣ በረዶ ይዘንባል፣ የልጆቹ ፎቶ እየተሽከረከረ ይገባል። ወላጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ የልዩ ክፍሏ አስተማሪ እጇን አውጥታ እሷ ለልጆቹ በምልክት ስታስተረጉም የት እንደምትቆም ጠየቀችው። ከስክሪኑ አጠገብ አላት።

"መብራቱስ?" አለችው።

"መብራቱ ካልጠፋ ስክሪኑ አይታይም።"

"እኔስ እታያለሁ?"

ሰውየው ጥያቄው አልገባውም። መታየት የምትፈልግ መስሎት ፈገግ አለ። እሷ ግን የምትጠይቀው ስለ እጆቿ ነው፤ ልጆቹ የሚሰሙት በእጆቿ ነው፤ በጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ እጅ ምንም አይናገርም። ሙዲራዋ ጣልቃ ገብታ ዝርዝሩን በኋላ እናየዋለን ብላ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እጄን ላውጣ አላውጣ እያልኩ ስብሰባው አለቀ። የቤት ሠራተኛ በወላጆች ስብሰባ ላይ እጅ ታወጣለች ወይ? አላወጣሁም። እስከ ሐምራ ድረስ ሰርቪስ በሚሉት የጋራ ታክሲ ውስጥ ራሴን እየሰደብኩ ሄድኩ።

ማዳሜ ስትመጣ በቃል አልነገርኳትም። ወጥ ቤት ጠርቻት መስኮቱን ዘጋሁ፣ መብራቱን አጠፋሁና በእጄ ሦስት አራት ምልክት ሠራሁ። አበራሁና ምን አልኩ አልኳት። አላየሁም አለች። "ልጅሽም ገና ላይ የምታየው ይሄንን ነው" አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ አልሳቀችም። ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ ደውዬ እነግራቸዋለሁ አለች። ነገ መጣ፣ ሳምንቱም መጣ። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰልፎ እየዋለ፣ ስልኩ ሳይደወል የገናው ዝግጅት ልምምድ ደረሰ።

ስለ ልምምዱ ከመናገሬ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እሑድ እሑድ የማመልከው ከመኪና ጋራዥ ሥር በተከራየነው አዳራሽ ነው፤ አብዛኞቻችን የቤት ሠራተኞች ነን። የእኔ አገልግሎት የመዝሙሩን ግጥም በፕሮጀክተር ማሳየት ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሚቀጥለው ስንኝ ዘማሪዋ ትንፋሽ ሳትወስድ ግድግዳው ላይ መድረስ አለበት። ከዘገየሽ ሰው አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ከቸኮልሽ ደግሞ ያልተዘመረውን ይዘምራል። ሁለት እሑድ ተገሥጬ ተምሬዋለሁ። በሕይወቴ በሚገባ አውቀዋለሁ የምለው ሥራ ቢኖር ይሄ ነው።

በልምምዱ ቀን ልጅቷን ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ ይዘምራሉ፤ ግጥሙ ከስክሪኑ ሥር በጽሑፍ ይወጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ባለሙያው ግን በአንድ እጁ ስልኩን እያየ በአንድ እጁ ነው የሚጫነው። መዝሙሩ አልቆ ልጆቹ ሊወርዱ ሲሉ ስክሪኑ ላይ ገና ሁለተኛው ስንኝ ነው። ቀጥሎ አንድ ልጅ ስለ ሰላም ግጥም ሲያነብ ጽሑፉ የበረዶውን መዝሙር ያሳያል። የእኛዋ ልጅ አንዴ ጽሑፉን፣ አንዴ የአንባቢውን ከንፈር እያየች ግንባሯን ቋጠረች። ከሁለት አንዱ እየዋሸ እንደሆነ ነበር የገባት።

መቀመጥ አልቻልኩም። ሄድኩና በምችለው ዓረብኛ፣ ይቅርታ፣ ጽሑፉ ዘግይቷል፣ እኔ በቤተ ክርስቲያን ይሄንን ሥራ እሠራለሁ፣ ከፈለግህ አሳይሃለሁ አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በትሕትና ከካፊቴሪያው አንድ ቡና ስኳር ሳይበዛ እንዳመጣለት ለመነኝ።

አመጣሁለት። ብርጭቆውን አስቀምጬ ግን አልሄድኩም። አጠገቡ ቆሜ በእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ "ያላ"፣ ቀጥል፣ እለው ጀመር። ሁለት መዝሙር ሙሉ ያላ ስለው ተጫነ፣ ጽሑፉም ከድምፁ ጋር ገጠመ። በሦስተኛው ላይ ነርቩን እንደነካሁት ነገረኝና ወደ ቦታዬ መለሰኝ። ልጅቷ ከሩቅ ሆና እዚያው ቆዪ፣ እዚያው ቆዪ የሚል ምልክት ስታሳየኝ አይታ አስተማሪዋ አዝና አንገቷን ደፋች።

የዝግጅቱ ቀን ማዳሜ መድኃኒት ቤቱን ለሌላ ሰው ትታ መጣች። አዲስ ካፖርት ለብሳለች፣ ፊት ለፊት ከወላጆች ጋር ተቀመጠች። የልዩ ክፍል ልጆች አሁንም ጥግ ናቸው፤ ለውጡ በዚህኛው ጊዜ ከፊት በኩል ጥግ መሆናቸው ነው። ሙዲራዋ ወደ መድረክ ስትወጣ አስተማሪዋ ያቺን ትንሽ ማይክ አንገቷ ላይ ልታደርግላት ቀረበች። ሙዲራዋ በእጇ መለሰቻት። ጌጧን እያየች ከዚህ ጋር አይሄድም አለች፤ ደግሞም የኔ ድምፅ አዳራሽ ይሞላል አለች። እውነቷን ነው፣ ድምፅዋ አዳራሽ ይሞላል። ችግሩ እኮ አዳራሽ መሙላቱ ነው።

ከዚያ መብራቱ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ በረዶ ዘነበ። ሰው ሁሉ አቤት አለ። አስተማሪዋ ከስክሪኑ ጎን ቆማ ስታስተረጉም እኔ ከኋላ የማየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ወላጆቹ ቪዲዮ ለመቅረጽ ስልካቸውን ይዘው ሲቆሙ ጥላውም ተሸፈነ። ጽሑፉ እንደለመደው ሁለት ስንኝ ወደ ኋላ ቀርቷል። በዚህ መሐል ልጅቷ ዞር ብላ በሰው ትከሻ መካከል እኔን ስትፈልግ አየኋት። በእጇ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ምን እያሉ ነው?

የያዝኩትን ጃኬት ሁሉ አጠገቤ ላለችው ፊሊፒናዊት ሠራተኛ አስታቅፌ በጎን በኩል ወደ ፊት ሄድኩ። ከመጀመሪያው ረድፍ ፊት ቁጢጥ አልኩና የስልኬን ባትሪ አብርቼ የአስተማሪዋ እጆች ላይ አነጣጠርኩ። እጆቿ ወጡ። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ወደሷ ዞሩ። ከኋላዬ ያለ አንድ አባት ቪዲዮዬን አበላሸሽው አጥፊው አለኝ። አላጠፋሁም። ሙዲራዋ ንግግሯን ሳታቋርጥ በጣቷ አጥፊ አለችኝ። አላጠፋሁም። ማዳሜ በስሜ ስትጠራኝ ሰማሁ፤ እሷንም አላየኋት። ብርሃኑ እንዳይወርድ በሌላው እጄ ክንዴን ደገፍኩ።

ከዚያ የመንግሥት መብራት ሄደ። ቤይሩት የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ የጄኔሬተሩ ሞተር እስኪነሣ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ያን ቀን ሞተሩም ቶሎ አልተነሣም። ስክሪኑ ጠፋ፣ ማይኩ ጠፋ፣ በረዶው ቆመ። ሙዲራዋ ሞተሩ እስኪነሣ ብላ አንድ ነገር በቀስታ ለአስተማሪዋ ስትነግራት፣ አስተማሪዋ በእጇ ለልጆቹ አስተላለፈችው። ከሙሉ አዳራሹ ብርሃን ያለው እሷ ላይ ብቻ ነበር። የልዩ ክፍል ልጆች ተንከትክተው ሳቁ። ወላጆቹ ምን አለቻቸው፣ ምን አለቻቸው እየተባባሉ እርስ በርስ ይጠያየቁ ጀመር። የሚነግራቸው አልነበረም። በኋላ አስተማሪዋን ስጠይቃት፣ ሙዲራዋ ሞተሩን የሚያስነሣው ሰውዬ ሽንት ቤት እንዳለ ነግራት ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ የምትነዳው ማዳሜ ነበረች፤ መንገዱ ተጨናነቀ። መኪናው ሲቆም መሪውን እንደያዘች፣

"ሰው ሁሉ ያየን ነበር" አለች።

"ልጅሽ ግን አታይም ነበር" አልኳት።

"ለኔ ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?"

"ወጥ ቤት መብራት አጥፍቼ ነግሬሽ ነበር፣ ማዳም።"

 ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መኪኖቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ከኋላችን ያሉት ጥሩምባ እስኪነፉባት ድረስ አልነዳችም። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና በሁለታችን መካከል አንገቷን አስገብታ ስለ ሽንት ቤቱ ሰውዬ በእጇ ልትነግረን ትሞክር ነበር።

ጥር ላይ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ በእግር የሚቆም መብራት ተገዝቷል፤ ይህንን ሐሳብ ላመነጩት የቴክኒክ ባለሙያችን ምስጋና ይድረሳቸው ይላል። ማዳሜ ስታነብልኝ የማጥበው ድስት ከእጄ ሊወድቅ ነበር። አሁን ደውዬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ስትለኝ ተይው አልኳት። ትልቅ ሰው ሆኜ አልነበረም ተይው ያልኳት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያስመጣኝን ቡና እያሰብኩ ድስት ሳንኳኳ ሰንብቻለሁ። ግን መብራቱ ከተገዛ ተገዛ። አስተማሪዋ ደግሞ በማዳሜ ስልክ በኩል ለመጋቢቱ የእናቶች ቀን ጽሑፉን እኔ እንድጫን ሙዲራዋን አስፈቅዳለሁ ብላ ላከችልኝ። ለዚያ ብዬ የመዝሙሮቹን ዓረብኛ በቃሌ አጠናሁ። ሰሐን ሳጥብ እዘምረው ነበር።

የካቲት መጨረሻ ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። የእኛም አዳራሽ ተዘጋ። የማውቃቸው እህቶች አንዳንዶቹ ከሥራ ወጡ፤ ሌሎቹ እንደኔ ቤት ተቆልፎባቸው በስልክ ይጸልያሉ። የእናቶች ቀን ዝግጅት በቪዲዮ ተላከ። ሳሎን ተቀምጠን ከፈትነው። ሙዲራዋ ስክሪኑን ሙሉ ሞልታለች፣ ጌጧም ሙሉ ይታያል። አስተማሪዋ ከታች በግራ ጥግ በአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ሳጥን ውስጥ ገብታ እጇን ታወናጭፋለች። ጽሑፍ የሚባል የለም። ልጅቷ አፍንጫዋ ስልኩን እስኪነካ ተጠጋች፣ ከዚያ መስሚያዎቿን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ይሄኔ እኔ ከመናገሬ በፊት ማዳሜ ተነሣች። በረንዳ ወጥታ ሙዲራዋ ጋ ደወለች። በሩን ብትዘጋውም ድምፅዋ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ነበር፣ ከዚያ በዓረብኛ ሆነ፤ ማዳሜ ወደ ዓረብኛ ከዞረች ነገሩ ከረረ ማለት ነው። ቤቴ መጥተሽ ቪዲዮውን ድምፁን ዘግተሽ እስከ መጨረሻው እይልኝ፣ ምን እንዳልሽ ከነገርሽኝ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ አለቻት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ስትገባ ፊቷ ቀልቷል። አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጠኋት። አንቺ እንዴት ነው ይሄንን ሁሉ ጊዜ የቻልሽው አለችኝ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን በአንድ ቀን አልተስተካከለም። ሚያዝያ ላይ የላኩት ቪዲዮ ጽሑፍ ነበረው፣ ግን ፊደሉ ነጭ ሆኖ በነጭ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ማዳሜ ደወለች። ግንቦት ላይ የአስተማሪዋ ሳጥን ትልቅ ሆነ፣ ግን በፎቶግራፍ ፊቷን ሸፈኑት። ማዳሜ ደወለች። በየመሐሉ መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔቱ ይቆማል፣ የአስተማሪዋ እጅ አየር ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል፤ እኛም ያልተጨረሰውን ቃል እየገመትን እንቀመጣለን።

ሰኔ ላይ የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት መጣ። ሦስታችንም ሶፋው ላይ ተደርድረን ከፈትነው። ሙዲራዋ ከስክሪኑ ግማሹን ይዛለች፣ አስተማሪዋ እኩል ግማሹን። ፊቷ ላይ ብርሃን አለ፣ ከጀርባዋ ደግሞ ጥቁር መጋረጃ ስለተሰቀለ እያንዳንዱ ጣቷ ይታያል። ጽሑፉ ከሥር ትልልቅ ሆኖ፣ ከድምፁ ቀደም እያለ ይወጣል። ያቺ ትንሽ ማይክ በሙዲራዋ አንገት ላይ ከጌጡ አጠገብ ተንጠልጥላለች። እኔ እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። ማዳሜ ጭኔን መታ መታ አደረገችኝ።

ልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል ማየት ጀመረች። ሙዲራዋ ስለ ትጋት ተናገረች፣ ስለ ሀገር ተናገረች፣ ስለ ወላጆች ትዕግሥት ተናገረች፣ ተመልሳ ስለ ትጋት ተናገረች። አምስት ደቂቃ ያህል እንደሄደ ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች።

"ሁልጊዜ የምትለው ይሄንን ነው?" አለችኝ በእጇ።

"አዎ፣ ይሄንን ነው" አልኳት።

"ያሰለቻል።"

ተነሥታ ብስክሌቷን ይዛ በረንዳ ወጣች። ማዳሜ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ መድኃኒት ቤት ተደውሎላት እሷም ሄደች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ምሳ አልሠራሁም ነበር፤ ቢሆንም ያን ያህል ከተጣላንበት በኋላ መዝጋት አልሆነልኝም። ሙዲራዋ የመጨረሻውን ምስጋና ተናግራ እስክትጨርስ ድረስ ተቀምጬ አየሁት።